ሳል ያለበት ድንጋይ

የጋሽ ጌጤነህን ሞት የሰማሁት መኪና ሥር ተኝቼ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣ የሚኒባስ ሹፌር ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ጋራዤ ገብቶ ነበር። እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ የፍሬን ሸራውን እፈታለሁ፣ እሱ ደጅ ቆሞ ከረዳቱ ጋር ያወራል። "ያ በርኖሳሙ ግንበኛ አርፈዋል አሉ። በሞላሌ በኩል መንገዱን ለቅሶ ደራሽ ሞልቶት እኮ ነው የዘገየነው" አለ። ከዚያ በላይ ምንም አልጨመረም፤ ወዲያው ስለ ናፍጣ ማውራት ጀመረ።

መፍቻ ቁልፉ ከእጄ ወድቆ ደረቴን መታኝ። "የትኛው ግንበኛ?" ብዬ አልጠየቅሁም። መንዝ ውስጥ በርኖስ የሚለብስ ሽማግሌ ሞልቷል፤ በርኖሱን ሳያወልቅ ግንብ ላይ የሚወጣ ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ይባስ ያበሸቀኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መኪና ሥር ተኝቼ የሹፌሩን እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። አንዲት አላመለጠችኝም። እኔ ደግሞ "መኪና ሥር ያለ ሰው ምን ይሰማል!" ብዬ በገበያ መሐል የጮኽኩ ሰው ነኝ። በዚያች ቃል ስንት ዓመት ራሴን ሳጽናና ኖርኩ፤ ያን ቀን እሷም አለቀች።

ከጋሽ ጌጤነህ ጋር የተገናኘነው ቤት ልሠራ ስነሣ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፤ እኔም ለዓመታት የጦር መኪና ስጠግን ከኖርኩበት ወደ አገሬ ተመለስኩ። ይዤ የመጣሁት ባለቤቴን ዘነበችንና አንድ ሳጥን ቁልፍ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ መግቢያ ላይ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር መኪና መጠገን ጀመርኩ። ዝናብ ሲመጣ መኪናው ሥር እገባለሁ፣ ሲያባራ እወጣለሁ። እንዲህ እያልኩ፣ ልጆችም ወልደን፣ ቆይቼ በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ ከመንገዱ ዳር ቦታ መራኝ። ደስታዬ ግን ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው እስካነበው ድረስ ነበር። ግርጌው ላይ፣ ግንባታው እስከሚቀጥለው ሰኔ ካልተጠናቀቀ ቦታው ለሌላ አልሚ ይተላለፋል ይላል።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ፊት ለፊት ጋራዥ፣ መሐል ላይ ቢሮ፣ ከኋላ መኖሪያ፤ ሦስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር። ቁርሴን በልቼ በቢሮ በኩል ወደ ሥራ እገባለሁ፣ ሲመሽ በዚያው እመለሳለሁ። ከምን ይሠራ ሲባል ግን አገሩ በሙሉ መሐንዲስ ሆነብኝ። አንዱ እንጨት አቁመህ በጭቃ ምረገው ይላል፤ የጭነት መኪና ሞተር በተነሣ ቁጥር ምርጊቱ እንደሚረግፍ አያስብም። ሌላው ዙሪያውን ቆርቆሮ ምታው ይላል፤ በታኅሣሥ በቆርቆሮ ግድግዳ ውስጥ ያደረ ሰው ጠዋት በሕይወት ለመነሣቱ ዋስ አይጠራም። እኔ ልቤ የሄደው ብሎኬት ላይ ነበር። ደብረ ብርሃን አይቼዋለሁ። እኩል ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ በሳምንት ውስጥ ግድግዳ ይሆናል። ዘነበች ግን "አባቶቻችን ይኸን ብርድ ያለፉት ድንጋይ ውስጥ ሆነው ነው" ብላ አሻፈረኝ አለች። "ለማንኛውም የሚያውቅ ሰው ይይልህ" ብላ ጋሽ ጌጤነህን ያስጠራቻቸው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ በተናደድኩ ቁጥር ይህን አነሣባታለሁ።

መጡ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥቁር በርኖሳቸው ጫፉ ጭቃ የጠጣ፣ የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር መዶሻ ስቶ ሲመታው ኖሮ ለዘለዓለም የጠቆረ ሰው ነበሩ። ሰላምታ እንደ ሰጡኝ ቦታውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ስንት በስንት እንደሆነ አልጠየቁኝም።

"ሰው የሚተኛው የት ነው?" አሉኝ።

ወረቀቴን ዘረጋሁ። "ይኸው ጋሼ፣ ይኼ ጋራዡ ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያስገባል፣ እዚህ ጋ መኪናው ከሥር የሚሠራበት ጉድጓድ…"

"እሱን አልጠየቅሁህም። ሰው የሚተኛው የት ነው?"

ከኋላ ያለውን በጣቴ አሳየኋቸው።

"ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል?"

"ጋራዡ ሳይከልለው አይቀርም።"

"አየህ" አሉ። ምኑን እንዳየሁ አልነገሩኝም። ሥራችን እንዲህ ተጀመረ።

ብሎኬት እንደምፈልግ ስነግራቸው አልተከራከሩኝም። አንድ ብሎኬት አስመጡ፤ ሙሉ ቀን ውሃ ውስጥ አዋሉትና ማታ ደጅ አሳደሩት። ጊዜው የኅዳር መጨረሻ ነው፤ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ይነጋል። እንደዚያ እያደረጉ አንድ ሳምንት ከቆዩ በኋላ ጠሩኝና ከኪሳቸው ምስማር አውጥተው የብሎኬቱን ጠርዝ ቧጨሩት። አሸዋው ዝር ዝር እያለ ጫማዬ ላይ ወረደ። ምስማሩን ጠርገው ወደ ኪሳቸው መለሱት። እኔን ያቃጠለኝ ዝምታቸው ነው። ቢከራከሩኝ መልስ ነበረኝ።

ድንጋይ ይሁን አልኩ። ከገደሉ አፋፍ ድንጋይ በአህያ ይጋዝልኝ ጀመር። ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ መዶሻ የሚሰብረው ጥቁር ድንጋይ፣ ሌላው ቀላ ያለ፣ ለመጥረብ የሚመች፣ ሲያዩት ደስ የሚል። እኔ የወደድኩት ቀዩን ነው። እሳቸው ሁሉንም ደጅ አስደርድረው፣ ማታ ማታ ውሃ እየረጩ፣ በታኅሣሥ ውርጭ አሳደሩት። ጠዋት ፀሐይ ሳትሞቅ ይመጡና አንድ በአንድ በመዶሻቸው መታ ያደርጋሉ። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ድንጋዩ ጥርት ብሎ ከጮኸ "ይደር" ይላሉ። ድምፁ ከታፈነ ግን ፊታቸው ይከፋል።

"ይኼ ሳል አለበት።"

"ምን አለበት?"

"ሳል። አልሰማኸውም? ውሃ ጠጥቷል። ውርጩ ከውስጡ ገብቶ እየፈነቀለው ነው። ዛሬ ቆንጆ ነው፣ የዛሬ አምስት ዓመት በጣትህ ትፍቀዋለህ።"

"ጋሼ፣ ድንጋይ እኮ ነው! ሰው አይደለም ሐኪም ቤት የምንወስደው!"

"ሰው ከሆነማ ይድናል" አሉ፤ ድንጋዩንም ወደ ተጣለው ክምር ወረወሩት።

እንደዚህ ነው እንግዲህ። ከሦስት ድንጋይ አንዱ ያስላል። እኔ በየምሽቱ እስከ ሰኔ የቀረውን ሳምንት እቆጥራለሁ፣ እሳቸው ድንጋይ ያዳምጣሉ። ግንብ እንጀምር ስላቸው "በውርጭ ሲሚንቶም ይበርደዋል፤ የካቲት ይግባ" አሉ። ሰው ሁሉ ደግሞ እኔን ለማጽናናት "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለኛል። እንቁላሉ ማዘጋጃ ቤት ቀነ ገደብ ቢሰጠው እንዴት እንደሚሄድ ባየሁ!

አንድ ቀን የተጣለው ክምር የራሴን ቁመት ሲያህል አይቼ ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ቀይ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ የአህያ ድካም። "ጋሼ፣ ይኸን ሁሉ ምን ላድርገው?" አልኳቸው።

"ለኔ ቤት እንኳ ይሆን ነበር፤ አንዱ ጎኑ ዘሟል" አሉ ሳቅ ብለው።

"ገደል ይግባ! ከፈለጉ ይውሰዱት!"

በንዴት ነው ያልኩት። እሳቸው ግን የሰው ቃል በንዴት የተነገረና በደግ የተነገረ ብለው አይለዩም። በማግስቱ አህያ አስመጥተው ይጭኑ ጀመር። የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ ስላቃተኝ ተውኳቸው፤ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ አንዲት ጥርጣሬ ገባች። ሰውዬው ድንጋዩን የሚጥሉት ስለሚያስለው ነው ወይስ ለቤታቸው ስለፈለጉት?

ከዚያ ደግሞ ከየቱ እንጀምር የሚል ጠብ መጣ። እሳቸው ከመኖሪያው ይጀመር አሉ። እኔ ከጋራዡ አልኩ፤ እንጀራዬ እሱ ነው፣ መኪና ካልገባበት ቤቱንም አልጨርሰውም።

"ጥሩው ድንጋይ ፊት ያልቃል" አሉኝ። "መጨረሻ ላይ የሚቀረው ግርድፉ ነው። እሱ ለማን ይሁን? ለልጆችህ?"

"ጋሼ፣ ቤቱ የኔ ነው።"

"የአንተ ነው" አሉና መዶሻቸውን አንሥተው ወደ ጋራዡ መሠረት ሄዱ። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የእሳቸው ክፋት ይኸ ነበር፤ ያሸነፋቸው ሰው እንኳ ድሉን አያጣጥምም።

በዚያው ሰሞን ነው፣ አንድ ከሰዓት፣ በግማሽ በተሠራው ጋራዥ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሥር ገብቼ ስታገል መጥተው ቁጢጥ አሉ። ከመኪናው ሥር የሚታየኝ የጎማ ጫማቸውና የበርኖሳቸው ጫፍ ነው። የሆነ ነገር ተናገሩ። እኔ ማርሽ ሳጥኑን በትከሻዬ ደግፌ፣ ብሎን በጥርሴ ይዤ ነበር። "እሺ ጋሼ፣ እንዳሉ" አልኳቸው። ምን እንዳሉኝ አላጤንኩም። ማርሽ ሳጥን ትከሻው ላይ ያለ ሰው ሁሉንም ነገር እሺ ይላል።

ጣሪያውም የራሱ ጣጣ ነበረው። እኔ ቆርቆሮ ብቻ አልኩ። እሳቸው ከቆርቆሮው ሥር የጓሳ ሳር ካልገባ ብለው ተከራከሩኝ። ያን ዓመት ጓሳ የተባለው የተከለለ የጋራ ሜዳ ለሳር አጨዳ ሊከፈት ሽማግሌዎቹ ይማከሩ ነበር፤ አንድ ሰው ቤት ሠራሁ ብሎ ብቻውን ገብቶ አያጭድም፤ ሕግ አለው። ስለዚህ ያን ምክክር ደግሞ መጠበቅ ነበረብኝ! ተከፈተ ሲባል ራሳቸው ሄደው ሳሩን በፈረስ ጭነው መጡ። ቢሮው ላይ ከቆርቆሮው በታች ጥቅጥቅ አድርገው አስገቡት። ጋራዡ ላይ ግን አንዲት ሰበዝ አላስደረሱም፤ "ይኼ የቤንዚን ቤት ነው" ብለው በጋራዡና በቢሮው መካከል ያለውን ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ድረስ በድንጋይ ዘጉት። ሥራቸውን ስታዩት እንከን የለውም። እውነቱን ለመናገር እጅግ ያምር ነበር። ይህን በዚያን ጊዜ አልነገርኳቸውም።

ሚያዝያ ሲያልቅ ጋራዡና ቢሮው ቆሙ። የቀረው መኖሪያው ነው። ለእሱ አዲስ ድንጋይ አስመጣሁ፤ ከሰኔ በፊት እንደምንጨርስ አስቤ እንቅልፍ ወስዶኝ ያደርኩት ያን ሰሞን ብቻ ነው። ጠዋት ጋሽ ጌጤነህ ድንጋዩን ዞረው ዞረው አዩትና በርኖሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ይኼ ገና ውርጭ አልቀመሰም" አሉ።

"ታዲያስ?"

"ማዕዘኑ አለ። የግድግዳው ነው የቀረው። ታኅሣሥን ይለፍ።"

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። በሰኔ ቦታዬ ሊወሰድ እሳቸው ታኅሣሥን ይሉኛል! ቦታው ከተወሰደ ድንጋዩ ቢጮኽ ባይጮኽ ለኔ ምኔ ነው? ማዕዘኑ አለ ማለታቸው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ጥያቸው ወጣሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ገበያው ዳር ላይ፣ ድንጋይ ያጋዝኩበት ባለ አህያ ሰላም ብሎኝ ሲያበቃ፣ "ለጋሽ ጌጤነህም ቤት ልትሠራላቸው ነው እንዴ? ቀዩን ብቻ መስሎኝ፣ ያን ምርጥ ምርጡን ጥቁር ድንጋይም እኮ ከጓሮህ ወደ ቤታቸው ያጋዝኩት እኔ ነኝ" አለኝ። ክፉ አስቦ አልነበረም። እኔ ግን ዓይኔ ጨለመ። ያ ሁሉ ሳል፣ ያ ሁሉ ማዳመጥ ለካ ለዚህ ነው አልኩ። ወዲያው ጋሽ ጌጤነህ ጨው ገዝተው ሲመለሱ አየኋቸው። ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩ።

"ድንጋዬን ያስላል እያሉ ቤትዎን ሠሩበት አይደል!" አልኩ። ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። ሰው ተሰበሰበ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ጥቁሩን ድንጋይ! ማን ይውሰዱ አለዎት?"

"ነግሬህ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ጓሮህ ዘይት ነው። ዘይት የጠጣ ድንጋይ ሲሚንቶ አይዝም። የመኝታውን ማዕዘን ድንጋይ እኔ ጋ ላኑረው ብዬህ፣ እንዳሉ ብለኸኛል።"

"መቼ?"

"መኪና ሥር ሆነህ።"

ሰው ሳቀ። በእሳቸው ይሁን በእኔ እስካሁን አላውቅም። "መኪና ሥር ያለ ሰው ምን ይሰማል!" ብዬ ጮኽኩ። "ሌብነትዎን መኪና ሥር አይሸፍኑልኝ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሌባ የሚለው ቃል ወጥቶ ሄደ። ጋሽ ጌጤነህ ጨዋቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "ድንጋይህ ከቦታው ነው" አሉኝ። "ስትረጋጋ ና።" ገበያውን አቋርጠው ሄዱ። ሰኞ መዶሻቸውንና ቱምቢያቸውን ልጃቸውን ልከው አስወሰዱ።

እንደተናገሩኝ ያስታወስኩት ያንኑ ዕለት ማታ ነው። ጎማ ጫማቸው፣ የበርኖሳቸው ጫፍ፣ "እሺ ጋሼ፣ እንዳሉ"። አስታወስኩ፤ ለዘነበችም አልነገርኳት። ሰኔ እያለ ምን ይቅርታ አለ? ቤቱ ይለቅና እሄዳለሁ አልኩ።

ቤቱ አለቀ። አንድ ብሎኬት አውቃለሁ የሚል ወጣት ግንበኛ አመጣሁ። እዚያው ግቢዬ ውስጥ አሸዋና ሲሚንቶ እያቦካ፣ ብሎኬቱን በቅጡ ውሃ ሳያጠጣው፣ ገና በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ይሰቅለው ነበር። ለጓሳ ሳር ጊዜ የለም፤ ቆርቆሮ ብቻ መታንበት። ከማዘጋጃ ቤት የመጡት ሰዎች በሰኔ አጋማሽ አይተው ፈረሙልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን ገና አላየሁትም ነበር።

ታኅሣሥ ሲመጣ አየሁት። ጠዋት የመኝታ ቤቱ ግድግዳ በውስጥ በኩል ያልበዋል። በውጭ በኩል ብሎኬቱን በጥፍሬ ስነካው አሸዋው ይወርዳል። በረዶ በጣለ ቁጥር ቆርቆሮው ሥር መነጋገር አይቻልም። ልጆቹ ሳል ያዛቸውና አልለቅ አላቸው። ዘነበች አንድ ቀን ምንም ሳትናገር ፍራሹን ተሸከመችና ወደ ቢሮው ገባች። ጠረጴዛዬ ወጣ፣ አልጋ ገባ። ይኸው እስከ ዛሬ የምንተኛው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ድንጋዩ ሙቀት ይይዛል፣ ሳሩም አለ። ባለ ጉዳይ ሲመጣ ብርድ ልብሱን አጣጥፌ አስቀምጠዋለሁ። መኖሪያው ውስጥ አሮጌ ጎማ ይቀመጥበታል። "መኪናውን ሞቅ አድርገህ አሳደርከው" ትለኛለች ዘነበች።

እሳቸውን ግን ቤቴን ካበላሸሁት በላይ አበላሸኋቸው። የደብሩን ቅጥር ግንብ የሚሠሩት ጋሽ ጌጤነህ ናቸው ተብሎ ኮሚቴው ተስማምቶ ነበር። ከገበያው ቀን በኋላ "ነገሩ እስኪጣራ ይቆይ" ተባለ። የሚያጣራ ግን አልተገኘም፤ ቅጥሩንም ሌላ ሰው ሠራው። እሳቸው የበግ ጉረኖና የእርሻ ካብ ሲክቡ ቆዩ። ይህን ሁሉ እሰማለሁ። ለፋሲካ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ፋሲካ ያልፋል። ለመስቀል እላለሁ። ሰው ይዤ፣ ሽማግሌ ልኬ፣ በዚያው ገበያ መሐል ዋሽቻለሁ ብዬ መናገር እንደነበረብኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ፈራሁ። ከፍርሃቱም ኩራቱ ይብስ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ መንገድ ላይ ተገናኘን። ቆም ብለው ጨበጡኝ። "መኪናዎቹ ደህና ናቸው?" አሉኝ።

"ደህና ናቸው ጋሼ።"

"ሰዎቹስ?"

"ደህና" አልኩ። ልጄ ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው አድሮ ነበር። ትንሽ ጠበቁኝ፤ የምለው እንዳለኝ ያወቁ ይመስለኛል። የምለው ነበረኝ፤ አልወጣልኝም። "በል እንግዲህ" ብለው በርኖሳቸውን ትከሻቸው ላይ ወርወር አድርገው ሄዱ። የመጨረሻው ይኸ ነው።

እና ያ ሹፌር እንደ ዋዛ ሞታቸውን ሲያወራ ሰማሁ። ፍሬኑን ጨርሼ እጄን ሳልታጠብ ነው የሄድኩት። ቀብሩ አልፎ ነበር። ቤታቸውን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ስለነበረ ከደጅ በኩል፣ ከቤቱ ማዕዘን አጠገብ ቆምኩ። ደክሞኝ እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። መዳፌ ሥር የሆነ ነገር ፈረሰ። እጄን ሳነሣው ቀይ ዱቄት ይዞ ተነሣ።

የኔ ቀይ ድንጋይ ነው፤ ያ የሚያስለው። ቤታቸውን አንድ ጎን በሙሉ በእሱ ነበር የጠገኑት። ውርጩ ልክ እንዳሉት ከውስጡ እየፈነቀለ አምስት ዓመት እንኳ አላስቆየውም። ማዕዘኑ ተንዶ በጭቃና በእንጨት ተደግፏል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል ስሰማ አድጌአለሁ፤ እንዲህ በእጄ ነክቼው ግን አላውቅም።

ባለቤታቸው እትዬ በለጡ ጥቁር ነጠላቸውን አጥብቀው ወጡ። የነፍስ ይማር ቃል ልናገር ስል በእጃቸው ከለከሉኝና በቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። ከአጥሩ ሥር፣ በአራት ረድፍ፣ ጥቁር ድንጋይ ተደርድሯል። ከየመካከሉ ሳር በቅሎበታል። አንዱም ከቦታው አልተነሣም።

"የአንተ ናቸው" አሉኝ።

ከድንጋዮቹ መሐል የበቀለውን ሳር ገለጥ አደረግሁ።

"ባለፈው ክረምት ይኸ ማዕዘን ሲናድብን፣ 'እነዚያን አንሥተህ ያዝበት እንጂ፣ ሰውየው እንደሆን አልመጣ' አልኩት። 'የሰው ናቸው፤ ሲረጋጋ ይመጣል' አለኝ። እንጨት አምጥቶ ደገፈው። በሱው ብርድ ነው የታመመ።"

ኪሴ ውስጥ አንድ መፍቻ ቁልፍ ነበረ። ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ድንጋይ መታሁት፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውን መታሁ። ሦስተኛውን። አንድም አላሳለም። እትዬ በለጡ ቆመው ያዩኛል። የሚያለቅስ ሰው ድንጋይ ሲመታ አይተው ባያውቁም አልገረማቸውም።

"እትዬ፣ በፈጠረዎት፣ እነዚህ ለዚህ ማዕዘን ይሁኑ" አልኳቸው። "እኔ ራሴ ግንበኛ አምጥቼ አሠራዋለሁ።"

"እሱ በቁሙ ያልነካውን እኔ ሲሞት ልንካው?" አሉ። ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው። "ውሰድልኝ ልጄ። የሰው ዕቃ ቤቴ አይክረም። የኔን ቤት ከፈለግህ ከአርባው በኋላ ሌላ ድንጋይ ይዘህ ና፤ ያን ጊዜ እናያለን። ቢቻልህ ደግሞ መጀመሪያ ገበያ ውጣና የተናገርከውን አንሣ።"

ድንጋዩን በአንድ ደንበኛዬ የጭነት መኪና ወሰድኩት። በተከታዩ ቅዳሜም ገበያው መሐል ቆሜ፣ ያ ባለ አህያ ባለበት፣ ሌባው እኔ ነኝ ብዬ ተናገርኩ። ሰው አዳመጠኝ፤ አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ፣ አንዳንዱም ምኑን እንደማወራ ረስቶት ነበር። በጣም የሚያበሽቀው ይኸ ነው። ስም ሲጠፋ ሁሉም ይሰማል፣ ሲመለስ የሚሰማ የለም። መስማት የነበረባቸው ጋሽ ጌጤነህ ደግሞ አፈር ለብሰዋል።

ለእትዬ በለጡ ቤት የሚሆን ድንጋይ አሁን ጓሮዬ ውስጥ፣ ዘይት ከማይደርስበት ጥግ ተደርድሮ ታኅሣሥን እየጠበቀ ነው። የራሴን ጥቁር ድንጋይ ደግሞ መኖሪያው ፊት ለፊት አስቀምጬዋለሁ። ያን ብሎኬት አፍርሼ በደንብ ላሠራው ብዬ እስካሁን ሦስት ግንበኞች ጠርቻለሁ። ሦስቱም ጎበዞች ናቸው ይባላል። ሦስቱም መጡ፣ ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ድንጋዩን አመሰገኑ፣ ሜትራቸውን አውጥተው "ጋራዡን ልታሰፋው ነው?" አሉኝ። ሰው የሚተኛው የት እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።